«የጎንዮሽ ጉዳት የለውም» የሚላችሁን የቦርጭ ማጥፊያ ሻጭ አትመኑ



የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቁጣም አለበት። ቢሆንም እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ በተለይ በቤታችሁ ወጣት ልጅ ካለች፣ አራስ ካለች፣ ወይም ለሠርግ የምትዘጋጅ እህት ካለች።

ስልካችሁን ከፍታችሁ ይህን ማስታወቂያ ሳታዩ የምትውሉበት ቀን ያለ አይመስለኝም፦ «ቦርጭ ደህና ሰንብት! በ15 ቀን ከ7 እስከ 10 ኪሎ ይቀንሱ! 100 ፐርሰንት ከዕፅዋት የተዘጋጀ! ምንም ዓይነት የጎንዮሽ ጉዳት የለውም! ያሉበት ድረስ እናደርሳለን!» ከሥሩ ሁለት ፎቶ ይለጠፋል። በአንዱ ቦርጭ ያላት ሴት፣ በሌላው ወገቧ የቀጠነ ሴት። አንዳንዴ ሁለቱ እህትማማች እንኳ አይመስሉም።

ኪሎውንም ፎቶውንም ለጊዜው ልተውላቸው። እኔ የምይዘው አንዲቱን ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ምንም ዓይነት የጎንዮሽ ጉዳት የለውም»።

ይህች ዓረፍተ ነገር ውሸት መሆኗን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ሰውነት ላይ የሚሠራ ማንኛውም ነገር የምንፈልገውን ብቻ መርጦ አይሠራም። የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ ነገር አንጎል ላይ ይሠራል። «ስብ ያቃጥላል» የሚባል አነቃቂ ልብንም ያስሮጣል። አንጀት «የሚያጥብ» ሻይ ሰውነት የሚፈልገውን ውኃና ጨውም አብሮ ያጥባል። ስለዚህ የቀረበላችሁ ዱቄት ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ ምንም አይሠራም፣ ገንዘባችሁ ተበልቷል፤ ወይ ይሠራል፣ ጉዳቱን ደብቀዋችኋል። ሦስተኛ ዓይነት ዱቄት የለም።

አያቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚመጣ አስተያየት አለ፦ «ዶክተር፣ እርስዎ የባህል መድኃኒት ጠላት ነዎት።» አይደለሁም። እንዲያውም ክርክሬን የምጀምረው ከባህላችን ነው።

«መድኃኒት» የሚለውን ቃላችንን ተመልከቱት። መድኃኒት አሻረው እንላለን። «መድኃኒት አበሉት» ስንል ደግሞ መረዙት ማለታችን ነው። አንድ ቃል ለሁለቱም አገልግሏል፤ ምክንያቱም የሚያድነውና የሚገድለው ብዙ ጊዜ አንድ ቅጠል እንደሆነ፣ ልዩነቱም ልኩና የሚወስደው ሰው እንደሆነ አያቶቻችን ያውቁ ነበር።

ኮሶን አስቡ። ኮሶ ማንም እንደ ቡና በየጠዋቱ የሚጠጣው ነገር አልነበረም። ቀን ይመረጥለታል፣ በልክ ይዘጋጃል፣ የጠጣው ሰው ሥራ አይሄድም፣ ቤቱ ይውላል። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም ነበር። ትሉን ይገድላል፤ ከልኩ ሲያልፍ ደግሞ የዓይን ብርሃን እስከ መጉዳት እንደሚደርስ በሕክምና ጽሑፍ ተመዝግቧል። ያኔ «የጎንዮሽ ጉዳት የለውም» ብሎ ኮሶ የሚሸጥ ሰው ቢኖር ሰፈርተኛው ይስቅበት ነበር።

ጓያንም አስቡ። ጓያ የተፈጥሮ እህል ነው፤ ማሳ ላይ የበቀለ፣ ማንም ፋብሪካ ያልነካው። በችግር ዘመን ለወራት እሱን ዋና ምግብ አድርገው የበሉ ወገኖቻችን ግን እግራቸው ሽባ ሆኖ ቀርቷል፤ ሽባነቱም አይመለስም። አጤ ፋሪስም የተፈጥሮ ነው፤ እንዶድም የተፈጥሮ ነው። ማንም ወላጅ ልጁን «ተፈጥሯዊ ነው» ብሎ አጤ ፋሪስ አያበላም።

እንግዲህ የዛሬው ሻጭ የባህል ሐኪም ወራሽ አይደለም። የባህል ሐኪሙ ቅጠሉን ያውቀዋል፣ በሽተኛውን ያየዋል፣ ልክ ይሰፍርለታል፣ ቢታመምበትም ቤቱ የታወቀ ነው። የዛሬው ሻጭ አላያችሁም፣ ዕድሜያችሁን አልጠየቀም፣ ግፊት ይኑርባችሁ አይኑርባችሁ አያውቅም። የሚያውቀው የባንክ ሒሳቡን ቁጥር ነው።

ታዲያ ኪሎው የቀነሰው በምንድን ነው?

«ግን እኮ ጎረቤቴ ጠጥታው ቀንሳለች» ትሉኛላችሁ። አምናችኋለሁ። ሚዛኑ ቀንሷል። ጥያቄው ምን ወጥቶ ነው የቀነሰው ነው። አብዛኛውን ጊዜ መንገዱ ከሦስቱ አንዱ ነው።

አንደኛ፦ ውኃና ዓይነ ምድር ነው የወጣው።

ብዙዎቹ «የቦርጭ ሻይ» እና «ዲቶክስ» የሚባሉት ውስጥ ያለው ሰናመኪ ነው። ሰናመኪ የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው፤ ለሆድ ድርቀት ለጥቂት ቀን በልኩ ሲወሰድ የታወቀ መድኃኒት ነው። ነገር ግን የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ነው። የበላችሁት እንጀራ፣ ዘይትና ስኳር ደግሞ ጉልበቱ ወደ ደም የገባው ቀደም ብሎ በትንሹ አንጀት ነው። ስለዚህ ሻዩ ሲያስሮጣችሁ የሚወጣው ስብ አይደለም፤ ውኃ ነው፣ ከውኃው ጋር ደግሞ ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን። በማግስቱ ውኃ ስትጠጡ ኪሎው ይመለሳል። ፖታሲየሙ ለሳምንታት ሲያልቅ ግን ጡንቻ ይደክማል፣ ይኮማተራል፣ የልብ ምት ይዛባል። የሚያሸና የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ይህ አደጋ እጥፍ ነው። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የምትወስድ ሴትም ተቅማጡ እንክብሉን በደንብ ሳይሠራ ሊያስወጣባት ይችላል።

ሁለተኛ፦ ዱቄቱ ውስጥ ያልተነገራችሁ የፋብሪካ መድኃኒት አለ።

ይህ ግምት አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2016 ድረስ ድብቅ መድኃኒት የተገኘባቸው ብሎ ማስጠንቀቂያ ያወጣባቸውን ማሟያዎች ተመራማሪዎች ቆጥረዋቸው ነበር። 776 ናቸው። ከእነሱ 317ቱ የክብደት መቀነሻ ናቸው። ከ317ቱ ውስጥ ደግሞ 269ኙ ላይ የተገኘው አንድ መድኃኒት ነው፦ ሲቡትራሚን።

ሲቡትራሚን ምንድን ነው? የምግብ ፍላጎት የሚቀንስ፣ በሐኪም ትእዛዝ ይሸጥ የነበረ መድኃኒት ነው። ወደ 10,000 የሚጠጉ የልብ በሽታ ሥጋት ያለባቸው ሰዎች በተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ድንገተኛ የልብ ሕመምንና ስትሮክን እንደሚጨምር ስለታየ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ ወጣ። ሐኪም እንኳ እንዳያዝዘው የተከለከለ መድኃኒት፣ ዛሬ የቅጠል ሥዕል በተለጠፈበት ካርቶን ውስጥ ተመልሶ መጥቷል። ለዚህ ነው አንዳንዱ «የዕፅዋት እንክብል» የሚገርም ፍጥነት ያለው። አፍ የሚያደርቀው፣ እንቅልፍ የሚከለክለው፣ ልብ የሚያስደልቀው ቅጠሉ «መርዝ እያስወጣ» ስለሆነ አይደለም።

ሌሎችም ተገኝተዋል፦ ለካንሰር ያጋልጣል ተብሎ የተተወ ፌኖልፍታሊን የሚባል የሚያስቀምጥ መድኃኒት፣ የድብርት መድኃኒት፣ የሚያሸና መድኃኒት፣ የታይሮይድ ሆርሞን። የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሳያውቅ ሲቡትራሚን ቢጨምርበት ሁለቱ ተደራርበው ለሕይወት የሚያሰጋ ሁኔታ ውስጥ ሊከቱት ይችላሉ። ሐኪሙም አያውቅም፤ ምክንያቱም ካርቶኑ ላይ የተጻፈው «ዝንጅብል፣ ሎሚ፣ አረንጓዴ ሻይ» ነው።

ሦስተኛ፦ ዕፁ ራሱ ኃይለኛ ነው።

ኤፌድራ የሚባል የቻይና ተክል ለረጅም ጊዜ በክብደት መቀነሻ እንክብሎች ውስጥ በአሜሪካ ይሸጥ ነበር። እውነተኛ ተክል ነው፤ ማንም ምንም አልደበቀበትም። የደም ግፊት ይጨምራል፣ የልብ ምት ያዛባል፣ ስትሮክ ያስከትላል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2003 ስቲቭ ቤክለር የተባለ የ23 ዓመት የቤዝቦል ተጫዋች ልምምድ ላይ በሙቀት ተዝለፍልፎ ሞተ፤ አስከሬኑን የመረመሩት ሐኪም ኤፌድራ ለሞቱ አስተዋጽኦ እንዳደረገ ተናገሩ። በ2004 ኤፌድሪን ያለባቸው ማሟያዎች በአሜሪካ ታገዱ። ልብ በሉ፦ ስፖርተኛ ነው፣ ወጣት ነው፣ የሚከታተለው ባለሙያ አለው።

አረንጓዴ ሻይንም ላንሳ፤ ብዙዎቻችሁ ትጠይቁኛላችሁ። በስኒ አፍልታችሁ ብትጠጡት ችግር የለውም። እንክብሉ ግን ሻይ አይደለም፤ የብዙ ስኒ ኃይል ተጨምቆ የገባበት ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳሳወቀው፣ የሻዩ ዋና ንጥረ ነገር በማሟያ መልክ በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ሲወሰድ የጉበት መጎዳት ምልክቶች በደም ምርመራ ይታያሉ። አንዳንድ ሰው ላይ ጉዳቱ እስከ ጉበት መድከም ይደርሳል። በአሜሪካ በመድኃኒት ምክንያት የሚደርስ የጉበት ጉዳትን በሚከታተል የሐኪሞች ጥምረት መዝገብ ላይ፣ የዕፅዋትና የምግብ ማሟያዎች ድርሻ በአሥር ዓመት ውስጥ ከ7 ፐርሰንት ወደ 20 ፐርሰንት አድጓል።

የብራስልስ ሴቶች

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው «ዕፅዋት ነው፣ ምን ያደርጋል» ማለት አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቤልጂየም ዋና ከተማ በብራስልስ አንድ የውፍረት መቀነሻ ክሊኒክ ነበር። ክሊኒክ ነው፤ ነጭ ጋዋን የለበሱ ሐኪሞች ያሉበት። ለደንበኞቹ በሚሰጠው እንክብል ላይ የቻይና ዕፅዋት ጨመረ። አንዱ ዕፅ በቻይንኛ «ፋንግ ጂ» ይባላል። ወደ አገር የገባው ዱቄት ግን «ጓንግ ፋንግ ጂ» የሚባለው ሌላ ተክል ነበር፤ አሪስቶሎኪያ ከሚባለው የመርዛማ ተክሎች ወገን። ስሙ ተቀራራቢ ነው፤ ከተፈጨ በኋላ ደግሞ ማን ይለየዋል?

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኩላሊታቸው የደከመ ሴቶች ወደ ሆስፒታል መምጣት ጀመሩ። ሐኪሞቹ መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ ስኳር የለ፣ ግፊት የለ፣ ዕድሜያቸውም ገና ነው። ሲጠይቋቸው ሁሉም ወደዚያ አንድ ክሊኒክ ሄደዋል። በመጨረሻ ከ100 በላይ ሰዎች የኩላሊት ጉዳት እንደደረሰባቸው ታወቀ። ብዙዎቹ ዲያሊሲስ ላይ ወደቁ፣ ኩላሊት ተቀየረላቸው።

በዚህ አላበቃም። ከታማሚዎቹ 39ኙ የማይሠራውን ኩላሊታቸውንና የሽንት ቧንቧቸውን ለጥንቃቄ በቀዶ ሕክምና አስወገዱ። ሲመረመር በ18ቱ ላይ ካንሰር ተገኘ። ይህ ውጤት የታተመው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ ሴቶቹ እንክብሉን መዋጥ ካቆሙ ከዓመታት በኋላ።

እነዚህ ሴቶች በሽተኞች አልነበሩም። ጥቂት ኪሎ ለመቀነስ የሄዱ ጤነኛ ሰዎች ነበሩ። የገዙትም ዕፅ ነበር።

አሁን ወደ እኛ ኑ። በአገራችን አንድ ተክል ከአካባቢ አካባቢ ስሙ ይለያያል፤ የተለያዩ ተክሎችም በአንድ ስም ይጠራሉ። ተፈጭቶ ፌስታል ውስጥ ከገባ በኋላ ሻጩም ገዢውም ምን እንደያዙ በዓይን ሊያውቁ አይችሉም። አውሮፓ መሐል፣ በክሊኒክ ውስጥ፣ በሐኪም እጅ የተሳሳተ ዱቄት፣ በቴሌግራም ታዝዞ በሞተር ሳይክል ሲመጣላችሁ እንዴት ነው የሚታመነው?

ለሚቀርቡልኝ መከራከሪያዎች

«ከአሜሪካ የመጣ ነው።» በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት የምግብ ማሟያ ገበያ ላይ ከመውጣቱ በፊት እንደ መድኃኒት ደኅንነቱና ፈዋሽነቱ ተፈትኖ አይጸድቅም። መንግሥት የሚደርስበት ብዙ ጊዜ ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው። ከላይ የጠቀስኳቸው 776 ምርቶችም የተሸጡት እዚያው አሜሪካ ነው።

«እህቴ ከአረብ አገር የላከችልኝ ነው።» እህታችሁ በፍቅር ነው የላከችው፤ እሷም የገዛችው ማስታወቂያ አይታ ነው። በሻንጣ የመጣ ዕቃ በማንም አልተመረመረም። ጽሑፉን እንኳ እናንተም እሷም ላታነቡት ትችላላችሁ። ውጭ ያላችሁ እህቶቻችን ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ እባካችሁ ለእናታችሁና ለታናናሾቻችሁ የቦርጭ እንክብል አትላኩ።

«ሻጩ ፈቃድ አለው።» የምን ፈቃድ? የንግድ ፈቃድ ሱቅ ለመክፈት ነው፤ ምርቱ ተመርምሮ ተመዝግቧል ማለት አይደለም። የምትጠይቁት ሌላ ነገር ነው፦ ይህ ምርት በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተመዝግቧል ወይ?

«ለሦስት ወር ጠጥቼው ምንም አልሆንኩም።» ኩላሊትና ጉበት ቶሎ አይጮኹም። ብዙ ተጎድተው ሳለ ሰውየው እየበላ፣ እየሠራ፣ እየሳቀ ሊኖር ይችላል። የብራስልስ ሴቶችም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢጠየቁ የቀጠነ ወገባቸውን አሳይተው ያመሰግኑ ነበር።

«እርስዎስ የሚያዝዙት መድኃኒት ጉዳት የለውም?» አለው። ልዩነቱ ጉዳቱ ተጽፎ መቀመጡ ነው። ምን ያህል ሰው ላይ እንደሚደርስ ተቆጥሯል፣ ለማን እንደማይሰጥ ታውቋል፣ የደም ምርመራ ይታዘዝለታል፣ ከጎዳ ይቆማል። ሲቡትራሚንን ከገበያ ያስወጣው ይኸው ቁጥጥር ነው። ቁጥጥሩን ሸሽቶ የተመለሰው በእነሱ ካርቶን ነው።

ለወላጆች

አሁን ለእናትና ለአባት ልናገር።

የ15 እና የ16 ዓመት ልጆች ከምሳ ገንዘባቸው ቆጥበው ይህን ሻይ ይገዛሉ። በዚህ ዕድሜ አጥንት እየጠነከረ ነው፣ የወር አበባ ሥርዓቱን እየያዘ ነው፣ አንጎልም ገና በማደግ ላይ ነው። ልጅን በሚያስቀምጥ ሻይና የምግብ ፍላጎት በሚዘጋ እንክብል ማስራብ ዕድገቷን መንጠቅ ነው። ከዚህም ሌላ፣ የማጥኛ እንክብልና የሚያስቀምጥ መድኃኒት የጀመሩ ልጆች ወደ ከባድ የአመጋገብ ሕመም የመግባት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። የኒውዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ እነዚህን ምርቶች ከ18 ዓመት በታች ላሉ መሸጥን በሕግ የከለከለው በከንቱ አይደለም።

ልጃችሁ ምግብ በሰበብ የምትተው ከሆነ፣ ሽንት ቤት የምትቆይ ከሆነ፣ የማዞርና ራስን የመሳት ነገር ካለባት፣ የወር አበባዋ ከቀረ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ያልታወቀ ፓኬት ካገኛችሁ፣ አትጩኹባት። ተቀምጣችሁ ጠይቋት፣ ሐኪም ጋ ውሰዷት። ወንዶች ልጆቻችሁንም አትርሱ፤ ለእነሱም «ስብ አቃጣይ» እየተባለ በጂም ቤት ይሸጥላቸዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምናችሁ። ምግብ ላይ በእንግዳ ፊት «አንቺ ደግሞ ወፈርሽ እኮ» የሚለው ጨዋታ ይቅር። ለኛ ቀልድ ነው። እሷ ግን በዚያች ሌሊት ስልኳን ከፍታ የቦርጭ ሻጩን ታገኘዋለች። የእነዚህ ነጋዴዎች ገበያ የሚደራው በእፍረት ነው፤ እፍረቱን የምናቀርብላቸው ደግሞ እኛው ቤተሰቦቿ ነን።

አራሷንም ተዉአት። ዘጠኝ ወር የተሸከመ ሆድ በአርባ ቀን ወደ ነበረበት አይመለስም። የምታጠባ እናት የምትወስደው ብዙ ነገር በጡት ወተት ወደ ሕፃኑ ያልፋል። ምን እንዳለበት የማይታወቅ ዱቄት ስትጠጣ፣ ምን እንዳለበት የማይታወቅ ነገር ለሕፃኑ ልትሰጠው ትችላለች። ሙሽሮችም፣ ለአንድ ቀን ቀሚስ ብላችሁ የዕድሜ ልክ ኩላሊታችሁን አታስይዙ።

አሁን እየወሰዳችሁ ከሆነ

አትደንግጡ፤ አታፍሩም። የሚከተለውን አድርጉ።

1. ዛሬውኑ አቁሙ። «የጀመርኩትን ልጨርስ» አትበሉ። ሐኪም ያዘዘላችሁን የግፊት፣ የስኳር ወይም ሌላ መድኃኒት ግን በራሳችሁ አታቋርጡ።

2. ካርቶኑን፣ ፓኬቱንና የተረፈውን አትጣሉ። ሐኪም ጋ ስትሄዱ ይዛችሁ ሂዱ።

3. ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ንገሩት። በተለይ ቀዶ ሕክምና ካለባችሁ፣ ደም ማቅጠኛ፣ የልብ፣ የድብርት ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ።

4. ለሳምንታት ወስዳችሁ ከሆነ የጉበት፣ የኩላሊትና የፖታሲየም የደም ምርመራ እንዲታይላችሁ ጠይቁ። የደም ግፊታችሁንም ተለኩ።

5. የሚከተሉት ካሉ ነገ አትበሉ፤ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፦ ዓይን ቢጫ መሆን፣ ሽንት እንደ ኮካ መጥቆር፣ መላ ሰውነት ማሳከክ፣ በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ሕመም፣ የማያቋርጥ ማቅለሽለሽ፣ የሽንት መቀነስ፣ የፊትና የእግር እብጠት፣ የደረት ሕመም፣ የልብ መደለቅ፣ ራስን መሳት፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የአፍ መጣመም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

«ዶክተር፣ አትጠጡ ብለው ብቻ አይተዉን» የምትሉት ተገቢ ነው። ውፍረት እውነተኛ የጤና ችግር ነው፤ ስኳርን፣ ግፊትን፣ የጉልበት ሕመምን ያመጣል። ሐኪም ቤት ሄዳችሁ «ክብደት ቀንሱ» ብቻ ተብላችሁ የተመለሳችሁም ትኖራላችሁ። እሱ ምክር አይባልም። ሻጩ የሚያሸንፈው እኮ ቢያንስ ተቀምጦ ስለሚያዋራችሁ ነው።

የተፈተነውን ልንገራችሁ። በአሜሪካ ከ3,000 በላይ ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሟል። ለአንደኛው ቡድን የተሰጠው ግብ ይህ ነበር፦ ከክብደታችሁ 7 ፐርሰንት ቀንሱ፣ በሳምንት 150 ደቂቃ ተንቀሳቀሱ። 80 ኪሎ ለሆነች ሴት 7 ፐርሰንት ማለት ከ6 ኪሎ ትንሽ ያነሰ ነው። ወደ ሦስት ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ እንክብል ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸር በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 ፐርሰንት ቀነሰ። በ15 ቀን 10 ኪሎ ያለ የለም። ቀስ ብሎ የወረደው ስድስት ኪሎ ግን ከበሽታ ጠበቃቸው።

በእኛ ቤት ሲተረጎም፦ ስኳር ያለው ለስላሳና ጭማቂ ይቁም፤ የሻይና የቡናው ስኳር ይቀንስ። ወጡ ላይ ዘይቱ ይመጠን። እንጀራን ማባረር አያስፈልግም፤ አንዱን እንጀራ በሽሮ፣ በምስርና በጎመን መብላት፣ ሁለተኛውን ማስቀረት ይበቃል። ጾም ስለሆነ ብቻ ምግብ ቀላል አይሆንም፤ ሳምቡሳና ብስኩትም የጾም ናቸው። በሳምንት አምስት ቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ 150 ደቂቃ ይሞላል፤ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ መውረድ ይቻላል። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ከቀነሳችሁ ጥሩ ሄዳችኋል።

ይህ አልሠራ ካለ፣ ክብደቱ በድንገት ከጨመረ፣ ወይም ውፍረቱ ከባድ ከሆነ ወደ ሐኪም ኑ። የእንቅርት ሆርሞን መቀነስ ሊሆን ይችላል፣ የምትወስዱት ሌላ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። በምርመራ ለተለዩ ሰዎች በሐኪም ክትትል የሚሰጡ የተፈተኑ መድኃኒቶችም አሉ። እነሱም ጉዳት አላቸው፤ ጉዳታቸውን ግን እንነግራችኋለን።

ለሻጮችና ለሙያ ባልደረቦቼ

ቦርጭ ማጥፊያ የምትሸጡ፣ ሦስት ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ውስጡ ያለው ምንድን ነው፣ እያንዳንዱስ ስንት ሚሊ ግራም? የት ተመረመረ፣ ማንስ መዘገበው? ሰው ቢታመም ተጠያቂው ማን ነው፣ አድራሻውስ የት ነው? እነዚህን በጽሑፍ መመለስ ካልቻላችሁ የምትሸጡት ነገር ለሰው አፍ አይቀርብም። ውድ ተከታታዮቼም፣ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ለሻጩ በመልእክት ላኩለት። መልስ ከሰጣችሁ መልሱን ለሐኪማችሁ አሳዩት። ካገዳችሁ ደግሞ መልሳችሁን አግኝታችኋል።

ጋዋን ለብሳችሁ ይህን ዱቄት የምታስተዋውቁ የጤና ባለሙያዎችም አላችሁ። ሕዝቡ ጋዋናችሁን የሚያምነው ስለተማራችሁ ነው፤ የተማራችሁት ደግሞ ያልታወቀ ነገር ለሰው አለመስጠትን ነው። የብራስልሱም ክሊኒክ ጋዋን ነበረው።

ውድ ቤተሰቦች፣ ከዚህ ረጅም ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ሂዱ፦ «የጎንዮሽ ጉዳት የለውም» የሚል ቃል ያለበት ማንኛውም ምርት፣ ቅጠል ይሁን እንክብል፣ ሻጩ ወይ አያውቀውም ወይ እየዋሻችሁ ነው። ሁለቱም ቢሆን ከእጁ አትጠጡ።

ይህን ጽሑፍ ለእናቶቻችሁ፣ ለእህቶቻችሁና በውጭ ላሉ ዘመዶቻችሁ አጋሩ። የወሰዳችሁት ምርት ካለና ምን እንደሚሻላችሁ ግራ ከገባችሁ በአቅራቢያችሁ ባለ ጤና ተቋም ፓኬቱን ይዛችሁ ቅረቡ።

ጤናችሁ ይብዛ!